የማትዘጋው በር፦ ከጀፕ ጎዳና እስከ ልብ ረዳት ፓምፕ

ጀፕስታውን ከጆሃንስበርግ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወርቅ ሲገኝ፣ ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ ያለው መሬት ተሸንሽኖ የጁሊየስ ጀፕን ስም ያዘ። የጀፕ ቤተሰብ ስም ግን በአንድ ቦታ ብቻ አልቀረም። መሀል ከተማውን የሚያቋርጠው ጀፕ ጎዳናም ከዚያው የመጣ ነው፤ በ2014 ጎዳናው የ1956ቱን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አራት ሴቶች በአንዷ፣ በራሂማ ሙሳ ስም ተሰየመ። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ግን ዛሬም ጀፕ ይሉታል። ብዙዎቹ ከሐድያና ከከምባታ ተነሥተው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቆራርጠው የመጡ ናቸው። የጅምላ ሱቆቻቸው፣ የእንጀራ ቤቶቻቸውና የቡና ጀበናዎቻቸው ከጎዳናው ተነሥተው ወደ ምሥራቅ፣ እስከ ጀፕስታውን ጥጋ ጥግ ድረስ ተዳርሰዋል።

ሱቆቹ ያረፉባቸው ሕንፃዎች ግን ለንግድ የተሠሩ አይደሉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀፕ ጎዳና የጆሃንስበርግ ሐኪሞች ጎዳና ነበር። ዛሬ ጂንስ፣ ጫማና ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥበት ሕንፃ «ሜዲካል አርትስ» ይባላል፤ የአሁኖቹ ጠባብ ሱቆች የቀድሞ የስፔሻሊስት ሐኪሞች መመርመሪያ ክፍሎች ናቸው። በዚያው ጎዳና «ሊስተር» የተባለ ሕንፃ አለ፤ «ላንሴት» የተባለም አለ። ሐኪሞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መሀል ከተማውን ለቀው ወደ ሰሜኑ ሰፈሮች ሲሄዱ ስሞቹን ትተው ሄዱ። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን መቆማቸው በአጋጣሚ ይሁን በዕውቀት፣ አንድን ታሪክ ከሥሩ የሚያስጀምሩ ናቸው።

ጆሴፍ ሊስተር የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ነበር። ነሐሴ 1865 ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ እግሩን ጋሪ ሰብሮት ወደ ሆስፒታሉ መጣ፤ የተሰበረው አጥንት ቆዳውን ቀድዶ ነበር። ያን ጊዜ ቆዳ ሳይቀደድ የተሰበረ አጥንት ብዙውን ጊዜ ይድን ነበር፤ ቆዳው ከተቀደደ ግን ቁስሉ አመርቅዞ ወይ እግሩ ይቆረጣል፣ ወይ ሰውየው ይሞታል። ሊስተር የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ አጥንቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ቆዳው ብቻ ከሆነ፣ ገዳዩ ነገር በዚያች ቀዳዳ የሚገባ ነገር መሆን አለበት። ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው፤ ልጁ እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ። ሊስተር ውጤቱን በ1867 ባሳተመ ጊዜ ጽሑፉ የወጣው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የቀዶ ሕክምና ታሪክ፣ ሆድን፣ ጭንቅላትንና በመጨረሻም ደረትን መክፈት የተቻለበት ታሪክ፣ በአንድ ስምምነት ላይ የቆመ ነው፦ ሐኪሙ ቆዳውን ይከፍታል፣ ሥራውን ይሠራል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ልብን የሚረዳው ፓምፕ ይህን ስምምነት ያፈረሰ መሣሪያ ነው። ፓምፑ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ከሆድ ግድግዳ ላይ አንዲት ቀዳዳ ታማሚው በሕይወት እስካለ ድረስ ሳትዘጋ ትኖራለች። የግሪንሊስ እግር ላይ በአደጋ የተከፈተው በር፣ እዚህ በሐኪም እጅ ታቅዶ ይከፈታል።

ደቡብ አፍሪካ በልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሟ የገባው በሌላ መንገድ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን ግሩት ሹር ሆስፒታል የሰውን ልብ ወደ ሌላ ሰው አዛወረ። ተቀባዩ ሉዊስ ዋሽካንስኪ በ18ኛው ቀን ሞተ። የገደለው ልቡ አልነበረም፤ አዲሱ ልብ እስከ መጨረሻው በደንብ ይመታ ነበር። የገደለው የሳንባ ኢንፌክሽን ነው፤ ሰውነቱ ባዕዱን ልብ እንዳይገፋ የተሰጠው መድኃኒት ጀርምን የሚገፋበትንም አቅም ነጠቀው። ከዓለም ጋዜጦች አብዛኞቹ የጻፉት ስለ ልቡ ነበር። ልብን ለመተካት ያለው ችግር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልብን በመስፋት ላይ ሳይሆን ጀርምን በመከላከል ላይ እንደነበረ አሟሟቱ ይናገራል።

ብዙም የማይነገረው የባርናርድ ሁለተኛ ሐሳብ ለዚህ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። በ1974 ባርናርድ የታማሚውን ልብ ሳያወጣ፣ የለጋሹን ልብ በጎኑ ሰፋው። ሁለት ልቦች ጎን ለጎን ይመታሉ፤ አንዱ ለሌላው ረዳት ነው። ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ የልብ ረዳት ነው፤ ገመድ የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ በቆዳ በኩል የሚያልፍ ነገር የለውም። ችግሩ የለጋሽ ልብ ማነስ ነው፤ ያ ችግር ዛሬም በየትኛውም አገር አልተፈታም። ለጋሽ ሲጠፋ ሌሎች ፊታቸውን ወደ ብረቱ ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የብረቱ መንገድ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነበር። በ1966 ማይክል ደቤኪ በሂውስተን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ልቧ አልነሣ ያላትን የ37 ዓመት ሴት ከሰውነቷ ውጪ በተቀመጠ ፓምፕ ለ10 ቀናት ያህል ረዳት፤ ፓምፑ ወጣላት፣ ቁስሉ ተዘጋ፣ ድናም ወደ ቤቷ ሄደች። ለቀናት የተከፈተ በር እንደሚዘጋ ያኔ ታየ። በ1982 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ባርኒ ክላርክ የተባለ የጥርስ ሐኪም ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ ሲገባለት ግን ሁለት የአየር ቱቦዎች በሆዱ ወጥተው ከትልቅ ማሽን ጋር ተያይዘው ነበር። 112 ቀን ኖረ። ከእሱ በኋላ የመጣው ዊልያም ሽሮደር 620 ቀን ኖረ፤ ዘመኑ ግን የስትሮክና የኢንፌክሽን ዘመን ነበር። ለወራት የተከፈተ በር ሌላ ነገር ነው።

እውነተኛው ሚዛን የመጣው በ2001 ነው። ሬማች በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ልባቸው የደከመና ለንቅለ ተከላ ብቁ ያልሆኑ 129 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ 68ቱ በግራ በኩል ያለውን የልብ ክፍል የሚረዳ ፓምፕ ገባላቸው፣ 61ዱ በመድኃኒት ብቻ ታከሙ። በዓመቱ መጨረሻ ከፓምፑ ወገን 52 ከመቶ፣ ከመድኃኒቱ ወገን 25 ከመቶ በሕይወት ነበሩ። ይህ ቁጥር ፓምፑን አጸደቀው። ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን ለፖሊሲ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። በመድኃኒት ከታከሙት መካከል የሞቱት ሁሉ ማለት ይቻላል በልብ ድካሙ ሞቱ። ከፓምፑ ወገን ከሞቱት 41 ሰዎች መካከል ደግሞ 17ቱን የገደለው በደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን ነው፤ የፓምፑ መበላሸት የገደለው ሰባቱን ብቻ ነው። በአጭሩ መሣሪያው አንዱን ሞት ወስዶ በሌላ ተካው፤ ትርፉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነበር።

እዚህ ላይ የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ይጀምራል፤ ሥራውም ኢንፌክሽኑ በደረሰበት ጥልቀት ይለያያል። በ2011 የዓለም አቀፉ የልብና የሳንባ ንቅለ ተከላ ማኅበር ያወጣው አከፋፈል የኃይል ገመዱን፣ ፓምፑ የተቀመጠበትን ኪስና ፓምፑን ራሱን በየሥፍራቸው ያስቀምጣል። ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከገመዱ ነው። ታማሚው ሲተኛ ወይም ልብሱን ሲለብስ ገመዱ ይጎተታል፤ በገመዱና በሥጋው መካከል ክር የምታክል ክፍተት ትፈጠራለች፤ ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወይም እርጥበት የሚወደው ሱዶሞናስ በዚያች ክፍተት ይገባል። ጀርሙ ባዕድ ነገር ላይ ሲያርፍ ባዮፊልም የሚባል ሙጫ መሰል ሽፋን ይሠራል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለ ጀርም በደም የሚመጣውን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማል። የደም ሥር በሌለው ፕላስቲክና ብረት ላይ የሰውነት ወታደሮችም አይደርሱም። ለዚህ ነው የልብ ረዳት ፓምፕ ኢንፌክሽን በእንክብል ብቻ የማይድነው፤ መድኃኒቱ ያበርደዋል፣ ሲቋረጥ ይመለሳል። ብዙ ታማሚዎች መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ለዓመታት ይኖራሉ።

ላይ ላይ ያለ ኢንፌክሽን ሲሆን ሐኪሙ የሞተውንና የመረቀዘውን ሥጋ ቆርጦ ያወጣል፣ ያጥባል፣ አየር እየሳበ ፈሳሹን በሚያወጣ መሸፈኛ ቁስሉን ይከድነዋል። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ገመዱን ከበሽተኛው መተላለፊያ አውጥቶ ጤነኛ ሥጋ ውስጥ አዲስ መንገድ ይቀድለታል፤ አሮጌውን ቀዳዳ ይተወውና ከታች ወደ ላይ እንዲሽር ያደርገዋል። ኪሱ ከተበከለ ደረትን ወይም ሆድን እንደገና መክፈት ይመጣል፤ መግሉ ይጠረጋል፣ በጸረ ጀርም መድኃኒት የተለወሱ ጨሌ መሰል እንክብሎች በፓምፑ ዙሪያ ይደረደራሉ፣ ከቀናት በኋላ ይወጣሉ፣ ይለወጣሉ። ባዶ ቦታ የጀርም ቤት ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ባዶውን ቦታ በሕይወት ባለ ሥጋ ይሞላዋል። አንዱ መሙያ የሆድ ጡንቻ ነው። ሌላው፣ ከሁሉም የሚደንቀው፣ ሞራ ነው፤ አንጀትን እንደ ነጠላ የሚሸፍነው፣ በግ ያረደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በእጁ የዘረጋው፣ ሞራ አንባቢ ዕጣ ፈንታ የሚያይበት ያ ስስ የስብ መጋረጃ። ሞራ በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ቁስል ካገኘ ይጣበቅበታል። ቀዶ ሐኪሙ ከሆድ ስቦ አውጥቶ በተበከለው ፓምፕ ላይ ሲጠቀልለው፣ ደም የማይደርስበትን ብረት ደም ባለው ልብስ እንደማልበስ ነው። ባዮፊልሙ አይጠፋም፤ በዙሪያው ግን ጠባቂ ይቆማል።

ፓምፑ ራሱ ከውስጥ ከተበከለ አማራጮቹ ይጠብባሉ። ፓምፑን አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል፤ አዲሱ ግን የሚገባው በተበከለ ቤት ነው። ሥር ነቀሉ መፍትሔ ብረቱን ሁሉ ነቅሎ የሰው ልብ መትከል ነው። ይህ ከሁሉም የሚያስቸግረው ነጥብ ነው፤ በቅርቡ ጀርም በደሙ ውስጥ የነበረን ሰው፣ የሰውነቱን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት ለዕድሜ ልኩ መስጠት ማለት ነው። ዋሽካንስኪን የገደለው ያው ስሌት ነው። ሆኖም በልምድ ያሉ ማዕከላት ኢንፌክሽኑ በፓምፑ ተወስኖ ሲገኝ ይህን ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹም ይድናሉ።

የለጋሽ ልብ ወረፋም በዚህ ምክንያት እንግዳ ቅርጽ ይይዛል። አሜሪካ በጥቅምት 2018 የልብ ወረፋዋን በስድስት ደረጃ ስትከፋፍል፣ ፓምፑ የተበከለበት ሰው ሦስተኛ ደረጃ ላይ እንዲቀመጥ ወሰነች፤ ፓምፑ ደኅና የሚሠራለት ደግሞ አራተኛ ላይ ነው። በሕክምና ዓይን ፍትሐዊ ነው፤ የባሰበት ይቅደም። ነገር ግን ገመዱን በትጋት የጠበቀው ሰው ከኋላ ቆሞ የሚጠብቅበት ሥርዓት መሆኑን ሐኪሞቹም ታማሚዎቹም ያውቁታል።

ከቀዶ ሐኪሙ ቢላ ይልቅ ብዙ ለውጥ ያመጡት ግን ተራ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝን የነበረው የሬማች ዘመን ፓምፕ በሆድ ውስጥ ሰፊ ኪስ ይፈልግ ነበር። በ2008 በአሜሪካ የጸደቀው ሃርትሜት ሁለት ከ300 ግራም አይበልጥም ነበር፤ ገመዱም ቀጠነ። ሃርትሜት ሦስት በልብ ከረጢት ውስጥ ስለሚቀመጥ ኪሱን ጭራሹን አስቀረው። ኪስ ከሌለ የኪስ ኢንፌክሽን የለም፤ ምህንድስና ቀዶ ሕክምናውን ቀደመው። ሁለተኛው ነገር ከፈይ መሰል ጨርቅ ነው። ገመዱ ሥጋ እንዲይዘው ተብሎ ሻካራ ጨርቅ ይለብሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያ ጨርቅ ከቆዳ ውጪ ብቅ ብሎ ይቀር ነበር። ሐኪሞች ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ከቆዳ በታች ቀብረው ለስላሳውን የገመድ ክፍል ብቻ ወደ ውጭ ሲያወጡ ኢንፌክሽን ቀነሰ። የሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጉዳይ ነበር።

ሌሎች በሩን ወደተሻለ ቦታ አዛወሩት። በ2000 ኦክስፎርድ ውስጥ ስቲቨን ዌስታቢ ፒተር ሃውተን ለተባለ ሰው የጃርቪክ ፓምፕ ሲተክል፣ ገመዱን በአንገት በኩል አሳልፎ ከጆሮው ኋላ ባለው የራስ ቅል አጥንት ላይ በተሰካ መሰኪያ አወጣው። የራስ ቆዳ በደም የበለጸገ ነው፤ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖርም አይጎተትም። ሃውተን ከሰባት ዓመት በላይ ኖረ፤ በዚያን ጊዜ ከማንም የበለጠ ነበር። አንዳንዶች ደግሞ በሩን ጨርሰው ሊዘጉ ሞከሩ። በ1999 ጀርመን ውስጥ የተተከለው ላየንሃርት ኃይሉን በቆዳ ላይ በመግነጢስ የሚያስተላልፍ ነበር፤ በ2001 ሉዊቪል ላይ የተተከለው አቢዮኮር ልብም እንዲሁ። ሁለቱም በገበያ አልቆዩም። ሐሳቡ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ በ2018 ካዛኪስታን ውስጥ ተመለሰ፤ በአስታና ሁለት ሰዎች ገመድ አልባ ኃይል የሚቀበል ፓምፕ ተተከለላቸውና ለሰዓታት ከማንኛውም ሽቦ ተለይተው ተንቀሳቀሱ። ሙከራው በቦስተን ወይም በበርሊን ሳይሆን በአስታና መደረጉ፣ ይህ ጉዳይ የሀብታም አገር ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ ሊሆን ይችል ነበር። እስካሁን ግን በየሆስፒታሉ የሚተከለው ባለ ገመዱ ነው። ሃርትሜት ሦስትን ከቀድሞው ጋር ያወዳደረው ትልቁ ጥናት ከ1,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ በፓምፑ ውስጥ የሚረጋው ደምና ስትሮክ ቀነሱ፣ በአምስት ዓመት በሕይወት የተገኙትም ወደ 58 ከመቶ ደረሱ። የኢንፌክሽኑ መጠን ግን በሁለቱ መካከል ያን ያህል አልተለያየም። መሐንዲሱ ደም የሚያልፍበትን መንገድ አስተካክሏል፤ ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወጥቶ ወደ ታማሚው ቤት ይገባል። የገመዱ መውጫ በየጊዜው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በንጹሕ መሸፈኛ ይታሸጋል፤ ገመዱ እንዳይጎተት በሆድ ላይ ይታሰራል። ባትሪዎች ማታ ማታ ይሞላሉ። ይህን የሚያደርገው ሐኪም አይደለም፤ ሚስት፣ ወንድም ወይም አብሮ የሚኖር ጓደኛ ነው። የአሜሪካ ማዕከላት ፓምፕ ከመትከላቸው በፊት ቤቱን ይጠይቃሉ፦ ውኃ አለ? የታመነ መብራት አለ? ቁስሉን የሚያጥብ ሰው ማን ነው? ስንት ሰዓት ትርቃላችሁ?

እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ጀፕስታውን ማምጣት ነገሩን ያጠራዋል። ከጀፕስታውን እስከ ሚልፓርክ ሆስፒታል፣ ልብ እስከሚተከልበት፣ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በርቀት ረገድ በአፍሪካ ከዚህ የተሻለ አድራሻ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩ ግን የቀድሞ ፋብሪካዎች በክፍልፋይ ተከፍለው የሚከራዩበት፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ነው። የመብራት ፈረቃው እጅግ በከፋበት በ2023 ሰፈር ሁሉ በቀን ብዙ ሰዓት ይጨልም ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ በጎረቤት ማርሻልታውን የተቃጠለው ሕንፃ ከ70 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በዚህ የከተማ ክፍል ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ዓለም ለጥቂት ቀናት አየ። ከዚህ በላይ ጀፕስታውን በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣ ጥቃት ስሙ የተጠራ ሰፈር ነው። ሱቁ ተዘርፎ በአንድ ሌሊት መሸሽ ያለበት ሰው፣ በሆዱ የሚወጣ ገመድ፣ በወገቡ የታሰረ ባትሪና የመሸፈኛ ፓኬት ይዞ መሸሽ አለበት። እዚህ ላይ የሕክምና መመሪያው የማያውቀው ጥያቄ ይነሣል።

ሕጉ በወረቀት ለጋስ ነው። የ1998ቱ የስደተኞች ሕግ በ27ኛው ክፍሉ፣ ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ የደቡብ አፍሪካ ዜጋ የሚያገኘውን መሠረታዊ የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። «መሠረታዊ» የሚለው ቃል ግን ፓምፕ አያካትትም፤ ለዜጋውም ቢሆን አያካትትም። በኅዳር 1997 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የወሰነው የሱብራሞኒ ጉዳይ ይህን በግልጽ አስቀምጧል። የኩላሊት እጥበት በደርባን የመንግሥት ሆስፒታል የተከለከለ የ41 ዓመት ሰው፣ ሕገ መንግሥቱ ለሕይወቱ ዋስትና ይሰጠኛል ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ሆስፒታሉ ባለው ውስን ማሽን ማንን እንደሚያክም በቅን ልቦና ካወጣው መመሪያ ጋር ጣልቃ አልገባም አለ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያ ፍርድ ጨካኝ ተብሏል፤ ነገር ግን በሐቅ የሚነበብ ሰነድ ነው። አንድ ማሽን ለአንድ ሰው ሲሰጥ ሌላ ማን ምን እንደሚያጣ በአደባባይ የሚናገር ፍርድ በአፍሪካ ብርቅ ነው።

ማን ምን እንደሚያጣ ደግሞ በዚያው ከተማ ተቆጥሯል። በ1972 በሶዌቶ ከ12,000 በላይ ተማሪዎች ልባቸው ተደምጦ ሲመረመር ከ1,000 ልጆች ወደ ሰባት የሚጠጉት በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ ልብ ነበራቸው። በ2006 በባራግዋናት ሆስፒታል የተካሄደው የሶዌቶ የልብ ጥናት፣ አዲስ ከተለዩት ወደ 1,600 የሚጠጉ የልብ ሕሙማን መካከል 44 ከመቶ ያህሉ የልብ ድካም እንዳለባቸው አሳየ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሰዎችን የተከተለው ቴሱስ የተባለው ጥናት ደግሞ በ2012 ሲታተም የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ድካም በአመዛኙ የአዛውንት በሽታ ነው፤ እዚህ ግን የሠራተኛው፣ የእናቲቱ፣ የነጋዴው በሽታ ነው። ዋና መንሥኤውም የደም ግፊት ሆኖ ተገኘ፤ የልብ ደም ሥር መዘጋት ከ10 ከመቶ በታች ነበር። በ52 ዓመቱ ፓምፕ የሚገባለት ሰው በሩን ለ20 ዓመት መጠበቅ አለበት ማለት ነው፤ ያን ያህል ዘመን የጠበቀው እስካሁን ከጥቂት ሰው በላይ የለም።

ኢትዮጵያ ይህን ሁሉ ከሩቅ የምትመለከት አገር አይደለችም። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ፈንድ ልጆችን ወደ ውጭ ከመላክ ተነሥቶ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት ደርሷል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላቸው፣ የልብ ምት ማስተካከያ የገባላቸው ኢትዮጵያውያን ዛሬ በየክልሉ አሉ። የልብ ምት ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ ከቆዳ በታች ስለሚቀበር በሩ ይዘጋል፤ ቢሆንም ኪሱ ሊበከል ይችላል፤ ሲበከልም ሕጉ ከፓምፑ አይለይም፦ ሳጥኑንም ሽቦዎቹንም ነቅሎ ማውጣት፣ ማከም፣ በሌላ ጎን አዲስ መትከል። ቫልቭ ላይ ያረፈ ጀርም እንዲሁ ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ለመትከል የሚሰጥ ገንዘብ መሣሪያ ለመንቀል የሚሆን አቅም ካላካተተ ግማሽ ሥራ ነው። አንድ የዲያስፖራ ማኅበር ማስተካከያ ለመላክ ገንዘብ ሲሰበስብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት እንልካለን?» መሆኑ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ፦ የጀርም ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ፣ ሽቦ መንቀል የሚችል እጅ፣ ለስድስት ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ከጎንደር ወይም ከሆሳዕና አዲስ አበባ ድረስ መመላለሻ።

በየካቲት 2015 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ አፍሪካውያን የልብ ሐኪሞች፣ ከእነርሱም መካከል በ2018 ያረፈው ደቡብ አፍሪካዊው ቦንጋኒ ማዮሲ፣ ለአፍሪካ ኅብረት ሰባት የሥራ ነጥቦች አቀረቡ። ከነጥቦቹ መካከል ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ መቀመጣቸው ብዙ ይናገራል፦ በአህጉሩ የልብ ቀዶ ሕክምና የልህቀት ማዕከላት ይቋቋሙ፤ የሚታመን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት ይኑር። የመጀመሪያው ከፍተኛ ገንዘብና የዓመታት ሥልጠና ይጠይቃል። ሁለተኛው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ አምራቾች ለማምረት ብዙ አይጓጉም፣ በመላው ዓለምም በተደጋጋሚ ይጠፋል።

በጀፕ ጎዳና ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ውስጥ፣ ሐኪም ስቴቶስኮፕ ይዞ ልብ ያዳምጥበት በነበረው ክፍል፣ ዛሬ አንድ የሐድያ ልጅ ጂንስ ቆጥሮ ያስረክባል። በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ ፔኒሲሊን ያላገኘ ከሆነ፣ የልቡ ቫልቭ ያለ እሱ ዕውቀት እየጠበበ ሊሆን ይችላል። የሚያዳምጠው ሰው ግን አሁን በሌላ ሰፈር ነው።